በኬፕ የወይን ቦታዎች ሁለት ቀን

የወይን ጠጅ ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ አብዛኛውን የሚጻፈው የጠጪው ታሪክ ነው። የትኛው ንጉሥ የትኛውን ወይን እንደ ወደደ፥ የትኛው የጦር አለቃ በስደት አገር ሆኖ የትኛውን ጠርሙስ እንዳስመጣ፥ የትኛው ደራሲ በልብ ወለድ መጽሐፉ ውስጥ ስሙን እንዳነሣው፥ ይህ ሁሉ በየመዝገቡ ተከትቦ ይገኛል። ሐረጉን የተከለው፥ ዘለላውን የቆረጠው፥ በእግሩም የረገጠው ሰው ግን ማን እንደ ነበረ ለማወቅ የፈለገ ሰው ብዙ መድከም ይኖርበታል። እኛም ይህንን ነገር በቅጡ የተረዳነው በመጽሐፍ ሳይሆን በደቡብ አፍሪቃ፥ በኬፕ ታውን ዙሪያ ባሉት የወይን ቦታዎች ባሳለፍናቸው አንድ ቅዳሜና አንድ እሑድ ነው።

ወደዚያች ከተማ የሄድነው ለሌላ ጉዳይ ነበር። የሄድንበት ጉባኤ ዓርብ ማታ ስለ ተፈጸመ፥ አውሮፕላናችንም የሚነሣው ሰኞ ጧት ስለ ነበረ፥ በመካከሉ ያሉትን ሁለት ቀናት በምን እናሳልፋቸው ብለን ስንመካከር ከጓደኞቻችን አንዱ፥ «የዚህ አገር ሰው እንግዳ ሲመጣበት ወይን ያስቀምሳል፤ እኛ ለምን ይቅርብን» አለና አንድ መኪና ተከራየን። ወራቱ የካቲት ስለ ነበረ በዚያ አገር የበጋው ማለቂያና የወይኑ መልቀሚያ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።)

ቅዳሜ ማለዳ ከተማውን ሳንለቅ በስተ ሰሜን በኩል በባሕሩ ላይ ሮበን ደሴት ይታየን ነበር። ይህችን ደሴት ዓለም ሁሉ የሚያውቃት በኔልሰን ማንዴላ እስራት ነው። ለኛ ለኢትዮጵያውያን ግን ሌላም የምታስታውሰን ነገር አለ። በ1888 አንድ የእንግሊዝ የጦር መርከብ በቀይ ባሕር ላይ ከባሪያ ነጋዴዎች ጀልባዎች ካስጣላቸው የኦሮሞ ልጆች መካከል፥ በዓደን ጥቂት ከቆዩ በኋላ፥ ስልሳ አራት የሚሆኑት በ1890 ወደ ደቡብ አፍሪቃ ተወስደው ላቭዴል በሚባለው የስኮትላንድ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብተው ነበር። ከነርሱም አንዲቱ ቢሾ ጃርሳ ትባል ነበር። የርሷ የልጅ ልጅ ዶክተር ኔቪል አሌክሳንደር ታላቅ የቋንቋና የትምህርት ሊቅ ሆነው የዘር መድልዎን መንግሥት በመቃወማቸው ከ1964 እስከ 1974 ድረስ በዚያች ደሴት ታስረዋል። ይህ ከወይን ጠጅ ጋር ግንኙነት የለውም ሊባል ይቻላል። ነገር ግን ከዚያ በኋላ በሁለቱ ቀናት ያየነውን ሁሉ ያየነው ይህንን በልባችን ይዘን ስለ ነበረ መጥቀሱ ግድ ሆነብን።

ወደ ወይኑ ቦታ ከመድረሳችን በፊት መንገዳችን ከጠረጴዛ ተራራ በስተ ጀርባ በኪርስተንቦሽ የአትክልት ቦታ በኩል አሳለፈን። እዚያም አንድ የቆየ አጥር አሳዩን። አጥር ስንል የድንጋይ ካብ ወይም የሽቦ አጥር አይደለም፤ ቅርንጫፎቹ እየተጠላለፉ፥ እየወደቁና እንደ ገና እየተነሡ ያደጉ የበረሓ ለውዝ ዛፎች ናቸው። ፍሬው መራራና መርዛም ነው። ይህንን አጥር በ1660 ያስተከለው የሆላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሹም የነበረው ያን ቫን ሪቤክ ነው።

ቫን ሪቤክ ወደ ኬፕ የመጣው በ1652 በሚያዝያ ወር ሲሆን፥ የተላከውም ቅኝ አገር እንዲያቀና ሳይሆን ወደ ሕንድና ወደ ጃቫ ለሚመላለሱት የኩባንያው መርከቦች ውሃ፥ ሥጋና አታክልት እንዲያዘጋጅ ነበር። በዚያን ዘመን መርከበኛ በባሕር ላይ ብዙ ወራት ሲቆይ ድዱ እየደማ፥ ጥርሱ እየወለቀ የሚሞትበት በሽታ ነበረና፥ ወይን ጠጅ ደግሞ በበርሜል ውስጥ ከውሃ ይልቅ ሳይበላሽ ስለሚቆይ፥ የወይን ተክል እንዲላክለት ጠየቀ። በ1655 የመጀመሪያዎቹ ቁርጥራጮች ደረሱለት፤ በ1659 የካቲት 2 ቀን ከኬፕ የወይን ፍሬ የመጀመሪያው ጠጅ መጨመቁን በዕለት መዝገቡ ላይ እግዚአብሔርን በማመስገን ጻፈ። የወይን ጠጅ የልደት ቀኑ በትክክል ከታወቀባቸው ጥቂት አገሮች አንዱ ይህ ነው፤ የአገሩም ሰዎች በዚህ ይኮራሉ።

ከዚያ ቀን በፊትና በኋላ የሆነው ግን እንደዚህ በኩራት አይነገርም። በ1658፥ ማለት የመጀመሪያው ጠጅ ከመጨመቁ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፥ ከፖርቱጋሎች መርከብ ላይ የተማረኩ ከመቶ ሰባ የማያንሱ የአንጎላ ሰዎች፥ አብዛኞቹም ልጆች፥ ወደ ኬፕ ደረሱ። በዚያው ዓመት ከጊኒ ባሕር ዳርቻ ሌላ መርከብ ተከተለ። ጠጁ በተጨመቀበት በ1659 ዓመት ደግሞ የአገሩ ባለቤቶች፥ ከብት አርቢዎቹ የኮይኮይ ሰዎች፥ የግጦሽ መሬታቸው እየታረሰ ስለ ተወሰደባቸው ጦርነት አነሡ። በ1660 ለዕርቅ በተቀመጡ ጊዜ የኮይኮይ ሽማግሌዎች፥ እኛ ወደ ሆላንድ አገር ብንመጣ እንደዚህ እንድናደርግ ትፈቅዱልን ነበርን? ብለው እንደ ጠየቁት ራሱ ቫን ሪቤክ በመዝገቡ ጽፎታል። መልሱም መሬቱ በጦርነት የተገኘ ስለ ሆነ አይመለስም የሚል ነበር። አጥሩም የተተከለው ከዚህ በኋላ ነው፤ የኩባንያውን እርሻና ከብት ወደ ውስጥ፥ የመሬቱን ባለቤቶች ወደ ውጭ ለማድረግ። የናቡቴን የወይን ቦታ ታሪክ ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማ አድገናል። ናቡቴ ግን የተገደለው ቀድሞ የተተከለ የወይን ቦታ ስለ ነበረው ነው፤ እዚህ ወይኑ የመጣው ከመሬቱ መወሰድ በኋላ ነው።

ከኪርስተንቦሽ እስከ ኮንስታንሺያ በመኪና ብዙ አይራቅም። ተራራውን እንደ ያዙ ወደ ደቡብ ሲወርዱ ከባሕር የሚነሣው ቀዝቃዛ ነፋስ ፊትን ይመታል፤ ይህም ነፋስ የበጋውን ሙቀት ስለሚያበርደው ፍሬው ቀስ እያለ እንዲበስል ያደርገዋል ይላሉ። ከ1679 ጀምሮ የኬፕ ሹም የነበረው፥ በኋላም በ1691 አገረ ገዢ የተባለው ሲሞን ቫን ደር ስቴል ይህንን ስፍራ በ1685 ከኩባንያው ተቀበለ። ከሰባት መቶ ሄክታር በላይ ነበር። አፈሩን በየቦታው እያስቆፈረ ካስመረመረ በኋላ ነው የመረጠው ይባላል፤ ስለ ወይን ተክል ያለው ዕውቀትም እውነተኛ ነበር፤ ያልበሰለ ፍሬ የሚቆርጠውን ገበሬ በገንዘብ እንዲቀጣ አድርጓል። ሰውየው የተወለደው በ1639 በሞሪሸስ አጠገብ በመርከብ ላይ ነው፤ የእናቱም እናት ሞኒካ የምትባል ከሕንድ ባሕር ዳርቻ የመጣች ሴት ነበረች፤ ባሪያ እንደ ነበረችም ይነገራል። እንግዲህ የደቡብ አፍሪቃን የወይን እርሻ በደንብ ያቋቋመው፥ ስቴለንቦሽ የምትባለውንም ከተማ በስሙ የመሠረተው ሰው፥ ከሁለት መቶ ሰባ ዓመት ያህል በኋላ በዚያው አገር በወጣው የዘር ሕግ ቢመዘን ኖሮ ነጭ ተብሎ ለመመዝገብ ጥያቄ ያስነሣ ነበር። ከነጓደኞቻችን በዚህ ሳቅን። ሳቁ ግን አልረዘመም፤ ምክንያቱም በዚያው ሕግ በ1960ዎቹ ዓመታት ኮንስታንሺያ ለነጮች ብቻ ተብሎ ተከልሎ፥ አባቶቻቸው ከባርነት ዘመን ጀምሮ በዚያ ይኖሩ የነበሩ ቤተ ሰቦች አሸዋማ ወደሆነው ሜዳ ተሰደዋል።

ቤቱ ነጭ ቀለም የተቀባ፥ የፊት ግድግዳው እንደ ዘውድ ወደ ላይ ተጠምዝዞ የወጣ፥ ጣሪያው ክዳን የሆነ ውብ ቤት ነው። በ1925 በእሳት ተቃጥሎ እንደ ገና የታደሰ ሲሆን ዛሬ ሙዚየም ነው። ከቤቱ በስተ ጀርባ ያለው የጠጅ ቤት ግን ከሁሉ ይልቅ ዓይናችንን ሳበው። በ1778 ይህንን ርስት የገዛው ሄንድሪክ ክሉተ በ1791 ያሠራው ነው፤ በግንባሩም ላይ አንቶን አንራይት የተባለው ቀራጺ ለአማልክት ጠጅ የሚቀዳውን ጋኒሜድ የተባለውን የግሪክ ተረት ወጣት ቀርጾበታል። ተረቱ እንደሚለው ጋኒሜድ በንስር ተነጥቆ ከአገሩ የተወሰደ እረኛ ነበር። ተነጥቆ የመጣ አሳላፊ! ቀራጺው ይህንን ሲቀርጽ በበሩ ሥር በርሜል እያንከባለሉ ስለሚያልፉት ሰዎች አስቦ እንደ ሆነ እንጃ።

ከ1797 እስከ 1802 በኬፕ የተቀመጠችው ስኮትላንዳዊት ወይዘሮ ሌዲ አን ባርናርድ ይህንን ቤት ጎብኝታ፥ ባሪያዎች በገንዳ ውስጥ ሆነው ፍሬውን በእግራቸው ሲረግጡ ማየቷን ጽፋለች። ከዚያ ገንዳ የሚወጣው ጠጅ በአውሮፓ ከነገሥታት ጠረጴዛ የማይታጣ ነበር። ናፖሊዮን በቅድስት ሄለና ደሴት ታስሮ ሳለ ይጠጣው ነበር፤ ጄን ኦስተን በ1811 በታተመው መጽሐፏ ውስጥ ልቧ ለተሰበረ ልጃገረድ መድኃኒት ይሆናል ብላ አግብታዋለች፤ ፈረንሳዊው ባለ ቅኔ ቦድሌርም ስሙን ጠርቶታል። ይህ ጠጅ የሚዘጋጀው ሙስካ ከሚባለው ነጭ የወይን ዘር ሆኖ፥ ፍሬው ከበሰለ በኋላ ሳይቆረጥ በሐረጉ ላይ እስኪጠወልግ ድረስ ይተዋል። ዘቢብ ወደ መሆን ሲቃረብ ስኳሩ ይጠናል፤ ጭማቂው ግን ያንሳል። ብዙ ፍሬ ጥቂት ጠጅ ይሰጣል ማለት ነው፤ ስለዚህም ውድ ነው።

ከዚህ ጠጅ አዲሱን አቀመሱን። ቀለሙ እንደ ጥሩ ማር ነው፤ ሲያሸቱት የብርቱካን ልጣጭና የደረቀ ፍሬ መዓዛ አለው። ከጓደኞቻችን አንዱ ዲያቆን ሆኖ ያደገ ስለ ነበረ፥ ብርጭቆውን ወደ አፍንጫው እንዳስጠጋ ዝም ብሎ ቆየና፥ «ዘቢብ!» አለ። በቤተ ክርስቲያናችን ለቅዱስ ቁርባን የሚሆነው ወይን ከዘቢብ እንደሚዘጋጅ አንባቢ ያውቃል፤ ዘቢቡን በውሃ ዘፍዝፎ የመጭመቅን ሥርዓት ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ ዓመታት አገራችንን በጎበኘ ጊዜ አይቶ ጽፎታል። የኬፕ ሰዎች በሐረጉ ላይ የሚያደርቁትን የእኛ ቀሳውስት ከነጋዴ እጅ ደርቆ ይቀበሉታል፤ መዓዛው ግን ወንድማማች ነው።

ስለ አቀማመሱም ጥቂት ማለት ይገባናል። አሳላፊው ወጣት በረጅም ጠረጴዛ ላይ አምስት ብርጭቆ ደርድሮ፥ በያንዳንዱ ከሁለት ጉንጭ የማይበልጥ እየቀዳ፥ ቀለሙን እንድናይ፥ ብርጭቆውን እንድናዞር፥ እንድናሸት፥ በአፋችን እንድናንገዋልል፥ ከዚያም በአጠገባችን በተቀመጠው ዕቃ እንድንተፋ ነገረን። ይህ የመጨረሻው ትእዛዝ ከበደን። በእኛ አገር ጠጅ ቀጂው ለጌታው ከማቅረቡ በፊት በመዳፉ ጠብ አድርጎ የሚቀምሰው ንጹሕ መሆኑን ለማስመስከር ነውና የሚቀምሰው የሚውጠው ነው፤ በሰው ቤት የቀረበልንን መጠጥ መትፋት ደግሞ ነውር ነው። ስለዚህ እኛ ዋጥነው። ከአምስተኛው ብርጭቆ በኋላ ወደ መትፊያው ዕቃ ያለን አስተያየት ተለወጠ፤ የፈረንጅ ሥርዓት ሁሉ ያለ ምክንያት እንዳልተሠራም ተገነዘብን።

ያ ወጣት በደረቱ ላይ ባደረገው የስም ምልክት የቤተ ሰቡ ስም የወር ስም ነበረ። በመጀመሪያ ተራ ነገር መሰለን። በእኛ አገር አዲስ ዓመት ሲብት ለተወለደች ልጅ መስከረም የሚል ስም የሚሰጣት በደስታ ነውና። ማታ ግን በሙዚየሙ ያየነውን ስናስታውስ ነገሩ ገባን። የኬፕ ባለ ርስቶች ባሪያ ሲገዙ የአባቱ ስም አያስፈልጋቸውም ነበርና ብዙውን ጊዜ የወር ስም፥ አንዳንድ ጊዜም የግሪክና የሮማ ተረት ስም ሰጥተው፥ ከዚያ በኋላ የመጣበትን አገር ይጨምሩበታል፤ እገሌ ዘቤንጋል፥ እገሌ ዘሞዛምቢክ፥ እገሌ ዘማዳጋስካር እንደማለት። ዛሬ በዚያ አገር ጃንዩዌሪ፥ ፌብሩዌሪ፥ ኤፕሪል፥ ሴፕቴምበር የሚባሉ ቤተ ሰቦች በብዛት ይገኛሉ። ከ1652 እስከ 1808 ድረስ ስልሳ ሺህ ያህል ሰዎች ከአፍሪቃ ምሥራቃዊ ባሕር ዳርቻ፥ ከማዳጋስካር፥ ከሕንድና ከኢንዶኔዥያ ደሴቶች እንዲህ ተደርገው ወደ ኬፕ መጥተዋል። በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት ቁጥራቸው ከነጻዎቹ ሠፋሪዎች ቁጥር በልጦ ነበር። ወይኑ ያለ እነርሱ አንድ ቀን አይውልም ነበር፤ መግረዙ፥ መኮትኮቱ፥ መልቀሙ፥ መርገጡ፥ በርሜል መሥራቱ ሁሉ በእጃቸው ነበርና።

ይህንን ስንጽፍ በሌላው ላይ ለመፍረድ የተቀመጥን እንዳይመስል። በአገራችንም ሰው በሰው ላይ ይነግድ ነበር፤ ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በ1942 በወጣው አዋጅ ነው። እኛም ጠጅ ጣዮቹ፥ እንጨት ፈላጮቹና ውሃ ቀጂዎቹ እነማን እንደ ነበሩ የምንጽፍበት ጊዜ ገና ይቀረናል።

ነገሩ የባሰው እንግሊዞች ከመጡ በኋላ ነው። እንግሊዝ ኬፕን በ1795፥ ኋላም ለመጨረሻ ጊዜ በ1806 ያዘች። ከናፖሊዮን ጋር በነበራት ጦርነት የፈረንሳይ ወይን ስለ ጎደለባት በ1813 በኬፕ ወይን ላይ የሚከፈለውን ቀረጥ ዝቅ አደረገች። ወዲያው ስንዴ ይዘራበት የነበረው ሁሉ በወይን ተተከለ፤ በ1820ዎቹ መጀመሪያ ከኬፕ ወደ ውጭ ከሚሄደው ዕቃ ሁሉ ትልቁ ወይን ጠጅ ሆነ። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ባሪያን ከባሕር ማዶ አምጥቶ መሸጥ በ1808 ተከልክሎ ስለ ነበረ፥ አዲስ ሰው ሳይመጣ ወይኑ ከእጥፍ በላይ መሆኑ ነው። ሥራው ሁሉ በነበሩት ትከሻ ላይ ተጨመረ፤ ልጆችም ሳይቀሩ ለመልቀም ወጡ። ጠጁም ተቻኩሎ የተሠራ ስለ ነበረ በለንደን ስሙ ጠፋ፤ ቀረጡም ከ1825 ጀምሮ ተመልሶ ሲስተካከል ገበያው ወደቀ። የኮንስታንሺያው ጣፋጭ ጠጅ ብቻ ክብሩን ጥቂት አቆይቶ፥ እርሱም በዚያው መቶ ዓመት ማብቂያ ፊሎክሴራ የሚባለው የሥር ተባይ በ1886 ከደረሰ በኋላ እንደ ጠፋ ያህል ሆነ። እንደ ገና ተሠርቶ ለሰው የቀረበው ከ1986 መከር ጀምሮ ነው።

ባሪያዎች ነጻ የወጡት በ1834 ታኅሣሥ 1 ቀን ነው ይባላል፤ በእውነት የወጡት ግን አራት ዓመት ሙሉ በ«ሙያ ተማሪነት» ስም ለጌቶቻቸው ከሠሩ በኋላ በ1838 ታኅሣሥ 1 ቀን ነው። በዚያን ጊዜ ቁጥራቸው ከሠላሳ ስድስት ሺህ በላይ ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት በቅኝ አገሮቹ ሁሉ ለሚገኙ ባለ ባሪያዎች 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሣ ሰጠ። ለተፈቱት ለራሳቸው አንድ ሳንቲም አልተሰጠም፤ አንድ ጋሻ መሬትም እንዲሁ። ስለዚህ አብዛኞቹ ጥቂት ዞረው ወደዚያው የወይን ቦታ ተመለሱ፤ አሁን ደመወዝተኞች ተብለው።

ደመወዙ ምን እንደ ነበረ ያወቅነው እሑድ በስቴለንቦሽ ነው። ስቴለንቦሽ በ1679 የተመሠረተች፥ መንገዶቿ በባሉጥ ዛፍ የተጋረዱ፥ ዩኒቨርሲቲ ያላት ጸጥተኛ ከተማ ናት። የኬፕ ሰዎች «ዶፕ» የሚሉት ነገር ነበር። ሠራተኛው ከደመወዙ ከፊሉን በገንዘብ ሳይሆን በጠጅ ይቀበላል፤ ጧት ሥራ ሲጀምር አንድ ጣሳ፥ ረፋድ ላይ አንድ፥ ቀትር ላይ አንድ፥ እንዲህ እያለ እስከ ማታ። ጠጁም ለሽያጭ የማይበቃው ዝቃጭ ነው። ይህ ከባርነት ዘመን የተወረሰ ልማድ በ1960ዎቹ ዓመታት በሕግ የተከለከለ ቢሆንም በብዙ እርሻዎች እስከ 1990ዎቹ ድረስ አልቀረም። ሰውየው ዕዳውን ከፍሎ፥ ልጁን አስተምሮ፥ ሌላ ሥራ ፈልጎ እንዳይሄድ ከእግር ብረት ይልቅ ጣሳው አጥብቆ ያዘው። ዛሬ በዚያ ክፍለ አገር በማኅፀን ሳሉ በመጠጥ ተጎድተው የሚወለዱ ሕፃናት ቁጥር በዓለም ከተመዘገበው ሁሉ ከከፍተኛዎቹ አንዱ መሆኑን ሐኪሞች ጽፈዋል። ከወይን አገሩ አንዱ ክፍል በሆነው በደ ዶርንስ በ2012 የወይን ለቃሚዎች አድማ ሲያደርጉ የቀን ደመወዛቸው ዝቅተኛው 69 ራንድ ነበር፤ 150 ጠይቀው በሚቀጥለው ዓመት 105 ሆነላቸው። ከዚያ ቁጥር ጋር ያስተያየነው ባለፈው ቀን በአንድ ምግብ ቤት ለአንድ ጠርሙስ የከፈልነውን ነው። ለመጻፍ ስለምናፍር ቁጥሩን ትተነዋል።

ነገር ግን በስቴለንቦሽ ያየነው ሁሉ የሚያሳዝን አልነበረም፤ የሚያስደስት የዕውቀት ታሪክም ሰምተናል። የዚያው ከተማ የወይን እርሻ ፕሮፌሰር የነበረው አብርሃም ፔሮልድ በ1925 ፒኖ ኗር የሚባለውን ለማልማት አስቸጋሪ የሆነ የቡርጎኝ ዘር ሳንሶ ከሚባለው ጠንካራ ዘር ጋር አዳቅሎ አራት ፍሬ አገኘና በመኖሪያ ቤቱ አትክልት ውስጥ ተከላቸው። በ1927 ሥራ ለውጦ ሲሄድ ረሳቸው። አትክልቱ በአረም ተውጦ ሊጸዳ ሰዎች በመጡበት ቀን አንድ ቻርሊ ኒሀውስ የሚባል ወጣት መምህር በቢስክሌት ሲያልፍ አይቶ አራቱን ችግኞች አዳናቸው። ሳንሶ በኬፕ ኤርሚታዥ ይባል ስለ ነበረ ከሁለቱ ስም ፒኖታዥ የሚል ስም ተሠራ፤ የመጀመሪያው ጠጅ በ1941 ተጠመቀ፤ በ1959 በኬፕ የወይን ውድድር አንደኛ ወጣ። ቀምሰነዋል። ጥቁር ቀይ ነው፤ ጢስ ጢስ ይላል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚቀምሰው ሰው ጥቂት ያስቸግራል። በጥብስ ሥጋ ሲበሉት ግን፥ በተለይም ሚጥሚጣ ቢኖር ኖሮ፥ ከሁሉ የተሻለ ነበር ብለን እንፈርዳለን። ጓደኞቻችን አልተስማሙም።

በዚያው ዩኒቨርሲቲ በ1999 አንዲት ከክዋዙሉ ናታል ገጠር የመጡ ወጣት ሴት በስኮላርሺፕ የወይን ጠመቃ ለመማር ገቡ። ንትሲኪ ቢዬላ ይባላሉ። ከዚያ በፊት በሰው ቤት በሠራተኝነት ያገለገሉ ሲሆን ወይን ጠጅ ቀምሰው አያውቁም ነበር፤ በአገራቸው ያለው መጠጥ አያታቸው የሚጠምቁት ጠላ ነው። ትምህርቱ የሚሰጠውም በማያውቁት በአፍሪካንስ ቋንቋ ነበር። በ2004 በአንድ የስቴለንቦሽ የጠጅ ቤት ዋና ጠማቂ ሲሆኑ በአገሩ ታሪክ በዚያ ማዕርግ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆኑ። በኋላም የራሳቸውን ጠጅ ማውጣት ሲጀምሩ በአያታቸው ስም አስሊና ብለው ጠሩት። እንግዲህ ከ1659 እስከ 2004 ስንቆጥር 345 ዓመት ነው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ የደረስንበት የመጨረሻው ስፍራ ቨርገለገን ይባላል፤ ትርጓሜው «ሩቅ ያለ» ማለት ነው። የሲሞን ልጅ ቪለም አድሪያን ቫን ደር ስቴል፥ እርሱም እንደ አባቱ አገረ ገዢ ሆኖ፥ በ1700 ለራሱ የያዘው ነው። በኩባንያው ገንዘብና በኩባንያው ባሪያዎች ትልቅ የወይን እርሻ አቋቁሞ ገበያውን ስለ ዘጋባቸው ነጻ ሠፋሪዎቹ በ1706 አቤቱታ ጽፈው ወደ አምስተርዳም ላኩ፤ ጸሐፊያቸው አዳም ታስ ታሰረ፤ በመጨረሻው ግን ገዢው በ1707 ተሻረ፤ ርስቱም ተከፋፈለ። ይህ አቤቱታ በነጮች መጻሕፍት ስለ ነጻነት የተደረገ የመጀመሪያ ትግል ተብሎ ይወደሳል። ከፈራሚዎቹ ብዙዎቹ ራሳቸው ባለ ባሪያ መሆናቸውን መጻሕፍቱ የሚጠቅሱት አልፎ አልፎ ነው።

በቤቱ ፊት በዚያ ሰው ጊዜ የተተከሉ አምስት የካምፎር ዛፎች አሉ፤ እስከ ዛሬ ይለመልማሉ፤ ከግንዳቸው አንዱን ለማቀፍ እኛ ሁላችን እጅ ለእጅ ብንያያዝ አንበቃም ነበር። እንግዳው ሁሉ ከሥራቸው ቆሞ ፎቶግራፍ ይነሣል። ከዚያ ጥቂት ራቅ ብሎ የባሪያዎቹ ማደሪያ የነበረ ቤት መሠረት ነበረ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ገደማ የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ የአርኪዮሎጂ ሊቃውንት ይህንን ስፍራ ሲቆፍሩ፥ ከወለሉ ሥር የተቀበረች አንዲት ጎልማሳ ሴት አገኙ። ስሟ በየትኛውም መዝገብ የለም። የጥርሷንና የአጥንቷን ንጥረ ነገር በመረመሩ ጊዜ ግን በልጅነቷ የበላችው ማሽላን የመሰለ የቆላ አገር እህል እንደ ነበረ፥ ካደገች በኋላ ምግቧ እንደ ተለወጠና የባሕር ዓሣ እንደ ተጨመረበት ተገለጠ። የሰው አጥንት የበላውን ያስታውሳል ማለት ነው። በልጅነቷ ከቆላ አገር ተወስዳ፥ በባሕር ተሻግራ፥ በዚህ ስፍራ ሠርታ ሞተች፤ የሚያዝኑላት ሰዎችም ከሚተኙበት ወለል ሥር ቀበሯት። ሊቃውንቱ ሊያውቁ የቻሉት እስከዚህ ነው።

ወደ መቅመሻው ቤት ስንመለስ መሽቶ ነበር፤ ሊዘጉ ሲሉ ደረስን። አሳላፊዋ ሴት ግን በትሕትና ተቀብላ ቀዩን ቀዳችልን። እጅግ ጥሩ ወይን ነበረ፤ ይህንን መካድ ሐሰት ይሆናል። በመስኮቱ በኩል ለነገ የሚለቀመው የወይን መስመር እስከ ተራራው ግርጌ ተዘርግቶ ይታያል። ከጓደኞቻችን ዲያቆኑ ብርጭቆውን ካነሣ በኋላ ጥቂት ጠብ አድርጎ በመሬት ላይ አፈሰሰ። አሳላፊዋ የፈሰሰበት መስሏት ጨርቅ ይዛ መጣች፤ እኛም ይቅርታ ጠይቀን ተነሣን።